የካላንደሩን አፕ የሠራው ልጅ ለምን ተወው? በነፃ የሚሠራን ሰው እንዴት ነው የምንጠይቀው?

ጳጉሜ_ስድስት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እንደምን አመሻችሁ።

የካላንደሩን አፕ እዚህ ብዙ ሰው እንደሚጠቀመው አውቃለሁ። ዋናው ፕሮግራመር ባለፈው ሳምንት ኮዱ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ በጊትሃብ ላይ አጭር መልእክት ጽፎ ወጥቷል። ከእንግዲህ አዲስ ቨርዥን አላወጣም፣ ኮዱ እዚያው አለ፣ የፈለገ ወስዶ ይቀጥልበት ይላል። እኔ አብሬው እሠራለሁ። ኮድ እምብዛም አልጽፍም፤ የሚመጣውን ቅሬታ አንብቤ የምለይና የምመልስ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን በቅርብ አይቻለሁ።

ነገሩ የተነሣው በጥምቀት ነው። አፑ የ2020 ዓ.ም. ጥምቀትን ጃንዋሪ 19 ብሎ ያሳይ ነበር። መሆን ያለበት ጃንዋሪ 20 ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ይውላል። ከዚያ ጀምሮ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪጨምሩ ድረስ የኛና የነሱ ቀን ከወትሮው በአንድ ይዛነፋል። ስህተቱ እውነት ነው፤ ማንም አልካደም።

አመጣጡ ግን ያሳዝናል። የመጀመሪያው መልእክት «አፑ ውሸታም ነው፣ ካልቻላችሁ ለምን ትሠራላችሁ» የሚል ነበር። የትኛው ቀን? የትኛው በዓል? ስልኩ ምንድን ነው? ምንም የለም። ስህተቱን ራሳችን ፈልገን እስክናገኘው ድረስ አፑ በሚወርድበት ገጽ ላይ የአንድ ኮከብ ግምገማ በላይ በላዩ ተደረደረ።

ልጁ ቀን ቀን ቴክኒክና ሙያ ያስተምራል። ማታ መብራት ካለ ይሠራል፤ ከሌለ ላፕቶፑ እስኪዘጋበት ድረስ ይሠራል። ቅዳሜና እሑድን ተቀምጦ አስተካከለው። ሰኞ ጥምቀት ልክ ሆኖ ገና ተበላሸ። አዲሱ ኮድ ታኅሣሥ 29ን በየዓመቱ አንድ ዓይነት አድርጎ ስለቆጠረ የ2020 ገና ጃንዋሪ 8 ላይ ወደቀ። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ይኼን ጊዜ የመጣው ስድብ እናቱንም ሃይማኖቱንም የሚነካ ነበር። አንድ ሰው ስልክ ቁጥሩን አግኝቶ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ደወለለት። በማግስቱ ወጣ።

ቅሬታ አይቅረብ አላልሁም። ቅሬታ ካልመጣ ስህተቱን በምን እናውቃለን? ግን ደመወዝ የምንከፍለው ይመስል ሰውን ማዘዝና ማዋረድ ከየት የመጣ ልማድ ነው? እስቲ ተነጋገሩበት።

---

አስጎብኚው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

ከአንድ ኮከቦቹ አንዱ የኔ ነው፤ አልደብቅም። ስድቡና የሌሊቱ ስልክ ግን የኔ አይደለም፤ እንዲያ ያደረገውን ሰው አልወድም።

የኔንም ስሙኝ። ለ2020 ጥምቀት መምጣት የሚፈልግ የእንግዶች ቡድን አለኝ። ፕሮግራሙን ያወጣሁት በአፑ ነው። ከተራን ጃንዋሪ 18፣ ጥምቀትን 19 አድርጌ፣ 20 ጠዋት ከአዘዞ በረራ እንዲይዙ ጽፌ ላክሁ። አስቡት እንግዲህ። ታቦታቱ ወርደው ፋሲል መዋኛ አድረው፣ ውኃው ሊባረክ ሲል እንግዶቼ ኤርፖርት ውስጥ ሊቀመጡ ነበር። የዚያን ያህል መንገድ የሚመጡት ለዚያች ጠዋት ነው። አንድ ሌላ አስጎብኚ አይቶ ባይነግረኝ ስሜ ጠፍቶ ነበር።

ጊትሃብ የምትሉትን አላውቀውም። አፑ ውስጥ «ችግር አለ» ብዬ የምጽፍበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። የታየኝ ኮከቡ ብቻ ነው። በነፃ መሥራቱን አከብራለሁ፤ ግን በነፃ የተሰጠ ነገርም እንጀራ ያሳጣል።

---

ማራኪ_ግቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ኦፕን ሶርስ እኮ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ያልተመቸው ራሱ ያስተካክል ወይም ይተወው። ላይሰንሱም ምንም ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። ተስማምተህ ነው የጫንከው። አለቀ።

---

ጡረተኛ_መምህር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ልጄ ማራኪ፣ ያልከው በሕግ ልክ ይሆናል። ለሰው ግን መልስ አይሆንም። አስጎብኚው ኮድ መጻፍ አይችልም። እኔም አልችልም። «ራስህ አስተካክል» ማለት ለኛ «ሂድልኝ» ማለት ነው። ላይሰንሱ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚህ ከተማ ስንት ሰው ያነበዋል?

እኔ አፑን የምጠቀምበት ለሙት ዓመትና ለተዝካር ነው። አርባውን፣ ሰማኒያውን ይቆጥርልኛል። አንድ ጊዜ አፕዴት ካደረግሁ በኋላ ፊደሉ በጣም አነሰብኝ። የልጅ ልጄን ጠርቼ አስጻፍሁ። ስልኬ ምን እንደሆነ፣ ድሮ እንዴት እንደነበረ፣ አሁን ምን እንደሚያሳይ፣ ፎቶውንም አክላ ላከችው። መጀመሪያ ላይ «እባክህ ልጄ፣ ጊዜ ስታገኝ» አስባልኋት። ብዙም ሳይቆይ ተስተካክሎ መጣ፤ ፊደሉን የማተለቂያ ቁልፍ ሁሉ ተጨምሮበት።

ስለዚህ ተናጋሪውም ሰሚውም የሚማረው አለ። ልጁ በመውጣቱ ግን አልፈርድበትም። በሌሊት ተደውሎ የተሰደበ ሰው ቢያርፍ መብቱ ነው።

---

ጳጉሜ_ስድስት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ያን መልእክት አስታውሰዋለሁ። ከመጡት ሁሉ ተደጋግሞ ያልተጠየቀበት እሱ ብቻ ይመስለኛል። ማንኛችንም «የትኛው ስልክ? የትኛው ቨርዥን?» ብለን መመለስ አላስፈለገንም፤ ልጁ በቀጥታ ሥራው ላይ ገባ።

አስጎብኚው ወንድሜ፣ ቅሬታ ማቅረቢያ ቦታ የለም ያልከው ልክ ነው። ያለው ሊንክ ጊትሃብ ላይ ነው፤ ለመጻፍም አካውንት ይጠይቃል። እንግዳ ተቀብሎ ሲሮጥ የሚውል ሰው እዚያ ድረስ እንዲመጣ መጠበቅ አይገባም።

---

የቋራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሀገር ቤት ከራቅሁ ቆይቻለሁ። ሥራዬ የአንድ ድርጅት ሰርቨሮችን መጠበቅ ነው። ይህን ክር ሳነብ እንቅልፍ ያሳጣን አንድ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ኤክስዚ የሚባል ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም አለ። ሊኑክስ ባለበት ኮምፒውተር ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። ለዓመታት የጠበቀው ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ሰዓቱ። በ2022 እ.ኤ.አ. እነማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች በኢሜይል እየመጡ ይነዘንዙት ጀመር። ለምን ዘገየህ፣ ካልቻልህ ለሌላ ሰው አስረክብ ይሉታል። እሱም ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ሥራውም የማይከፈልበት እንደሆነ እዚያው በግልጽ ጻፈላቸው። አልተዉትም።

በዚያው ጊዜ ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ሰው በትሕትና ያግዘው ነበር። ኮድ ይልካል፣ ያርማል፣ አይቆጣም። የደከመው ሰው ቀስ በቀስ ኃላፊነቱን አካፈለው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወጡት ሁለት ቨርዥኖች ውስጥ ጂያ ታን ወደ ሰርቨሮች የሚያስገባ ድብቅ በር ቀብሮ ተገኘ። የደረሰበት የማይክሮሶፍት መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችል ብሎት ሲቆፍር አገኘውና ማርች 29 ቀን ለዓለም አሳወቀ። እነዚያ ነዝናዦች የዚያው ተንኮል አካል የሆኑ የሐሰት ስሞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል።

ይህን የምላችሁ ለማስፈራራት አይደለም። እነዚያ ተንኮለኞች ድብቅ በራቸውን ያስገቡት እኛ ተጠቃሚዎች በለመድነው አነጋገር ተከልለው ነው። ሰው ፕሮግራመርን እየተቆጣ ማስቸገሩ የተለመደ ስለሆነ ማንም አልጠረጠራቸውም። ጎንደር ያለው ልጅ ዛሬ ኮዱን «የፈለገ ይውሰደው» ብሏል። ማን ነው የሚወስደው? አፑ በስንት ሰው ስልክ ላይ ነው ያለው? እኔ ይህ ያሳስበኛል።

---

የፒያሳዋ_ማተሚያ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ ከአፑ ፒዲኤፍ አውጥቼ የግድግዳ ካላንደር አትማለሁ። ማኅበራት ያዛሉ፣ ሱቆች ያዛሉ። አንድ በዓል ተሳስቶ ከታተመ ወረቀቱም ቀለሙም የኔ ኪሳራ ነው። ስለዚህ «ከሐምሌ በፊት የ2019ን አስተካክላችሁ አውጡ» ብዬ ጽፌያለሁ። ትእዛዝ መሰለ መሰለኝ። እኔ ሥራዬን ነው የተናገርሁት።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ደቦ የጠራ ሰው ቢያንስ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል። እኔ በዚህ አፕ ገንዘብ አገኛለሁ፤ ምን ላቅርብ? የት ልክፈል? ቴሌብር ቁጥር እንኳ አላስቀመጣችሁም። ፈልጌ አጥቻለሁ።

---

ማራኪ_ግቢ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡41

ገንዘብ ከገባ ይበላሻል። ዛሬ ትንሽ የላከ ሰው ነገ «ከፍያለሁ» ብሎ ሌሊት ይደውላል።

---

ጳጉሜ_ስድስት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ስለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አንስተንበታል። ልጁም ማራኪ ያለውን ነበር የሚፈራው። በስጦታ የመጣ ብር ለማን ምን እንደሚገባው አይናገርም። ሰጪው እንደከፈለ ያስባል፤ ተቀባዩ እንደተሰጠው።

ያንቺ ግን ከስጦታ ይለያል። አንቺ የምትፈልጊው የታወቀ ሥራ ነው፤ የ2019 ፒዲኤፍ ተፈትሾ፣ በዓላቱ ታርመው፣ በዚህ ቀን እንዲደርስሽ። ይህ በዋጋ የሚሠራ ነው። የሚችል ሰው ከኛ ውስጥ ተስማምቶ ይሠራልሻል፣ ትከፍይዋለሽ፣ እርማቱ ደግሞ ወደ አፑ ገብቶ ለሁሉም ይደርሳል። ጋሼም ለተዝካራቸው ያንኑ የታረመ ቀን ያያሉ። ኦፕን ሶርስ በገንዘብ አይሠራም ያለ የለም።

የሚያናድደኝ ሌላው ዓይነት ነው። ዳንኤል ስቴንበርግ ከርል የሚባለውን፣ በኢንተርኔት መረጃ የሚያመላልስ ፕሮግራም የሚመራ ስዊድናዊ ነው። በጃንዋሪ 2022 ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ኢሜይል ደረሰው፤ ሎግፎርጄ ስለሚባል ሌላ ሶፍትዌር ስህተት በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ስጠን የሚል። ከርል ሎግፎርጄን ጨርሶ አይጠቀምም። ኩባንያው ለስቴንበርግ አንዲት ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም ነበር። እኛም ዘንድ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፎልናል፤ ማኅተም ያለበት፣ «በአስቸኳይ» የሚል። ሠራተኞቹ ሁሉ አፑን በነፃ ይጠቀማሉ።

---

የመረጃ_ባለሙያ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ጤና ዘርፍ ነው የምሠራው። በየወሩ ሪፖርት የምናስገባበት ዲኤችአይኤስ ቱ ኦፕን ሶርስ ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነው፤ የኛንም ዘመን አቆጣጠር ይደግፋል። ችግር ሲገጥመኝ የምነግረው ሰው አለ፤ እሱም ደመወዝ ስላለው ይመልስልኛል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ይከፈለዋል። ሰዎች ይህን ስለለመዱ የጎንደሩም ልጅ ከጀርባው ቢሮና ሠራተኛ ያለው ይመስላቸዋል።

በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ስህተት ሲወጣ የታየውም ይኸው ነው። የኢንተርኔትን ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕን ኤስኤስኤል በዓመት ያገኝ የነበረው ልገሳ 2,000 ዶላር ያህል ነበር። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራበት አንድ ሰው ነበረ። ባንኩም ሆስፒታሉም ይጠቀምበታል፤ ማን እንደሚሠራው የጠየቀ ግን አልነበረም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገንዘብ ያዋጡት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው።

---

አስጎብኚው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። 2016ም ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው። ስህተቱ ያኔም ነበረ ማለት ነው። እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ?

---

ጳጉሜ_ስድስት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ያኔ የሞባይል ዳታ ዝግ ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ለወራት ተቋርጦ እንደቆየ ታውቃለህ። እንግዳም የለም፤ የፈረንጅ ቀን የሚያመሳክር ሰው ጥቂት ነው። አፑ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ሰዉ በኢትዮጵያ ቀን እያየ ተጠቀመበት፤ በዚያ በኩል ልክ ነበር።

ስታነሣው ሌላም ትዝ አለኝ። በዚያ ወቅት ከሌላ ከተማ የሚጽፉ ሰዎች «ፕሮጀክቱን ጥለውት ጠፉ»፣ «ሰነፎች» እያሉ ሲዘልፉን ከርመዋል። ዳታው ሲከፈት ያ ሁሉ በአንድ ቀን ተዘርግፎ ጠበቀን። ልጁ ለእያንዳንዱ መልስ ጻፈ። አንድም ይቅርታ የጠየቀ አላየሁም። እኔ እንደሚመስለኝ እሱ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው፤ የገናው ስድብ የመጨረሻው ሆነበት እንጂ።

---

የበአታ_ደቀመዝሙር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አቋቋም እየተማርሁ ነው፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብም ከየኔታ ተምሬያለሁ። ስለ ገናው ስህተት ስሰማ እኔም ተቆጥቼ ነበር። ግን አሁን ሳነብ የገባኝ፣ ልጁ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አለመኖሩን ነው። እኛ እዚሁ ከተማ አለን።

የ2020ን ልስጣችሁ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7520 ነው። ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው ወንበር 14 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስንገድፈው (ለ30 አካፍለን ቀሪውን ስንይዝ) አበቅቴ 4። በ19 አባዝተን ስንገድፈው መጥቅዕ 26። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ ሒሳቡ ተሳስቷል ማለት ነው። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 26 ሐሙስ ስለሆነ የዕለቱ ተውሳክ 3 ነው፤ ከ26 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 29 ይሆናል። ነነዌ ጥር 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 8።

ይህ ለፕሮግራመር ይጠቅማል? ካልጠቀመም ይቅርታ።

---

ማራኪ_ግቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡38

በጣም እንጂ! ወንድም ዓለም፣ ይህ እኮ ቴስት ነው። አበቅቴና መጥቅዕ 30 ካልሆኑ አዲስ ቨርዥን እንዳይወጣ አድርጎ ኮዱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ገና ታኅሣሥ 28 መሆኑን የሚፈትሽም እንዲሁ። እነዚህ ቢኖሩ ኖሮ ያ እሑድ ማታ የወጣው ቨርዥን አይወጣም ነበር።

---

የፒያሳዋ_ማተሚያ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

የኔን ጉዳይ በውል ለማድረግ ተስማምቻለሁ። የ2019ን ረቂቅ ስትልኩልኝ መጀመሪያ በአንድ ወረቀት አትሜ ለደቀመዝሙሩና ለጋሼ አሳያለሁ። እነሱ ያረሙትን በቀይ ምልክት አድርጌ ፎቶውን እልካለሁ። በብዛት የማትመው ከዚያ በኋላ ነው። የሚሠራው ሰው ዋጋውን ይንገረኝ።

---

ጳጉሜ_ስድስት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡10

ትናንት ማታ ከልጁ ጋር በስልክ ተነጋገርን። ክሩን አንብቦታል። ተመለስ አላልሁትም፤ እሱም እመለሳለሁ አላለኝም። ማረፍ እንደሚፈልግ ነግሮኛል። ኮዱን ለማያውቀው ሰው ላለማስረከብ ግን ተስማምቷል። የቋራ ልጅ ያነሣው ነገር አሳስቦታል። የኮዱ ማስተዳደሪያ ቁልፍ ለጊዜው እሱ ጋር ይቆያል፤ እኛ የምንሠራው በሁለት ሰው ታይቶ ይገባል።

አፑ ውስጥ በአማርኛ ችግር መግለጫ ገጽ እንጨምራለን። የስልኩን ዓይነትና ቨርዥኑን ራሱ ይሞላል፤ ሰውየው ያየውንና የጠበቀውን ብቻ ይጽፋል። ኮከብ መስጠት የፈለገ ይስጥ፤ እኛ ግን መልስ የምንሰጠው በዚያ ገጽ ለመጣው ነው። ሰው የሚዘልፍ መልእክት እንዲሁ ይዘጋል፤ ቅሬታው ትክክል ቢሆንም እንኳ በጨዋ ቃል ተጽፎ እስኪመጣ ይጠብቃል። በዚህ የማይስማማ እንዳለ አውቃለሁ።

---

አስጎብኚው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡26

በመጨረሻው አልስማማም። የተቆጣ ሰው ቃል አይመርጥም፤ ስህተቱን ግን በትክክል ሊናገር ይችላል። ስድቡን ሰርዙት፣ ስህተቱን አትዝጉት። ገጹ ሲወጣ መጀመሪያ እኔ እሞክረዋለሁ፤ እስከ 2024 ዓ.ም. ያሉትን ጥምቀቶች በፈረንጅ ቀን አመሳክሬ እልካለሁ። 2024ም ዘመነ ዮሐንስ ነው።

---

ጳጉሜ_ስድስት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

ተቀብያለሁ። ስህተቱን ለይተን እንይዛለን፤ ሰውየውን ግን አናስተናግድም።

---

ማራኪ_ግቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ቴስቶቹን እኔ እጽፋለሁ። ደቀመዝሙር፣ የ19ኙን ዓመት ሠንጠረዥ በሙሉ ላክልኝ።

---

የበአታ_ደቀመዝሙር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ነገ ከትምህርት በኋላ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ የኔታም ያዩታል። ወንበሩ አልቦ በሚሆንበት ዓመት አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነው የሚባለው። ኮድህ ሁለቱንም ዜሮ አድርጎ እንዳይቆጥራቸው ተጠንቀቅ።